ትዕግስት ያሸነፈችበት እሁድ

ባቡሩ ከለንደን ወጥቶ የቺልተርንን ኮረብቶች ሲያጋምስ መስኮቱን ቢጫ ማሳ ሞላው። የጎመን ዘር አበባ ነው። ወሩ ሚያዝያ መሆኑን ዓይኔ አልቀበል አለኝ፤ እንዲህ ያለ ቢጫ የማውቀው መስከረም ሲጠባ፣ አደይ ሲፈካ ነው። ከጎኔ የተቀመጠችው ታላቅ እህቴ ሃያ ዓመት እዚህ ኖራለችና ቀና ብላም አላየችው። "ለንደን የመጣ እንግዳ ቤተ መንግሥት ይጎበኛል፤ አንቺ ሆስፒታል ካላየሁ ትያለሽ" አለችኝ። ቢሆንም ከእኔ በፊት ተነሥታ ስንቅ የቋጠረችው እሷ ነበረች።

የምንሄደው ስቶክ ማንድቪል ነበር፤ አበበ ቢቂላ ወደታከመበት ሆስፒታል።

አበበን ሁላችንም የምናውቀው በእግሩ ነው። ሮም፣ እ.ኤ.አ. 1960፣ ባዶ እግር፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ። ከዚያ ቶኪዮ፤ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ሁለተኛ ወርቅ። በተማርኩበትም አሁን በማስተምርበትም ትምህርት ቤት ታሪኩ እዚህ ላይ ይቆማል። በ1969 መጋቢት ላይ የሚያሽከረክራት ቮልስዋገን ተገልብጣ ሰውነቱ ከታሰረ በኋላ ያለውን ሕይወቱን እንደ ነውር ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የምናወራው።

ንጉሠ ነገሥቱ ለሕክምና ወደዚህ ላኩት። የአከርካሪ ሕክምና ክፍሉን ያቋቋመው ሉድቪግ ጉትማን፣ ከናዚ ጀርመን ያመለጠ አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም ነበር። በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ በዚህ ግቢ 16 ታካሚዎችን በተሽከርካሪ ወንበር አሰልፎ ቀስት አወዳደረ። በ1960 ያው የስቶክ ማንድቪል ጨዋታ ወደ ሮም ሄደ፤ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው እሱ ነው። አበበ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ካሸነፈ ገና ሳምንት አልፎት ነበር። አሥር ዓመት ቆይቶ አበበ ራሱ በዚሁ ጨዋታ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ፣ ቀስት ወረወረ፤ የጠረጴዛ ቴኒስም ተጫወተ።

ሆስፒታሉ ዛሬም ይሠራል። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ከፋሲካ የተረፈንን ድፎ ዳቦ ቆረስን። ዕድሜ ልኬን የአበበን እግር ሳስብ እጁን አስቤው አላውቅም ነበር። ከአደጋው በኋላ የታዘዘለት እጁ ነው፤ በታዘዘለት ነገር ተወዳደረ። ሲሞት 41 ዓመቱ ነበር፤ የገደለውም አንጎሉ ውስጥ የፈሰሰ ደም ነው። እህቴ ይህን አታውቅም ነበር። ስነግራት እጄን ያዘችኝ፤ ለምን እንደያዘችኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

እኔ ሯጭ አይደለሁም፤ አዲስ አበባ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ቡና ስንጠጣ ግራ እጄ ከእኔ ውጭ የሌላ ሰው ይመስል መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስኒው ሲወድቅ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የክብሪት ሽታ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የተጫረ ክብሪት አፍንጫዬ ሥር ይዞ፣ ሌላዋ ውኃ እየረጨችኝ፣ ሌሎቹ በር ላይ ቆመው ያማትቡ ነበር። ማንም ክፉ አላሰበም። የሚያውቁትን ነው ያደረጉት። ግን ከዚያ ቀን በኋላ በኮሪደሩ ሳልፍ ወሬ ያቆማሉ። "የሚጥል በሽታ" የሚለውን ቃል ማንም ፊቴ ተናግሮት አያውቅም፤ ከኋላዬ ግን እሰማው ነበር።

ከዚያ በፊት ለወራት ራሴን ሲያመኝ አንድ ክሊኒክ ሳይነስ ነው እያለ መድኃኒት ሲለዋውጥልኝ ከርሟል። በመጨረሻ ኤም አር አይ ተነሣሁ። ሐኪሙ ምስሉን መብራት ላይ ሰቅሎ በቀኝ በኩል፣ ከአንጎሌ ሽፋን ላይ የበቀለች ክብ ነገር አሳየኝ፤ 19 ሚሊ ሜትር፤ ልጆች የሚጫወቱባትን ብይ ታክላለች። ሜኒንጂዮማ ትባላለች፤ ስሙን ያወጣላት ሃርቪ ኩሺንግ የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በ1922 ነው። "ቤናይን ናት፤ ካንሰር አይደለችም" አለኝ። ዘመዶቼ ይህን ቢሰሙ እልል ባሉ ነበር። እኔም ደስ አለኝ፤ ግን ደስታው ምሽቱን አላለፈም። ካንሰር ያልሆነች ዕጢ ሆድ ላይ ብትሆን ቦታ ታገኛለች። የራስ ቅል አይለጠጥም፤ የገባው ሁሉ የሚገባው በአንጎል ቦታ ነው።

ሐኪሜ የሠለጠነው አገር ቤት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይዋ ቤርገን ጋር ሆኖ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው በ2006 ነው፤ ከዚያ በፊት ሙያውን የፈለገ ባሕር መሻገር ነበረበት። ቀዶ ሕክምናውን ስጠይቀው ቶሎ አልመለሰልኝም። ዝግ ብላ የምታድግ ናት፤ ጨርሶ ላታድግም ትችላለች፤ መንቀጥቀጡን ኪኒን ያቆመዋል፤ በየዓመቱ ምስል እናያለን አለ። "ለጊዜው ያንቺ መድኃኒት ትዕግስት ነው።" ይህን ቃል ያኔ ጠላሁት። ምንም አይደረግልሽም ያለኝ ነበር የመሰለኝ።

ኪኒኑ ሠራ። ዓመት ከመንፈቅ ያለ መንቀጥቀጥ ሲያልፍ፣ እህቴ ለአንጎል ዕጢ ምርምር ገንዘብ የሚያሰባስብ የበጎ አድራጎት ድርጅት የለንደን ማራቶን ላይ ቦታ እንዳለው ነገረችኝ። ሐኪሜ እንቢ ይላል ብዬ ነበር። አላለም፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አበዛ፦ ኪኒኑን ሰዓቱን ሳታዛንፊ ዋጪ፤ እንቅልፍ አትዝለይ፤ ብቻሽን አትለማመጂ፤ ውኃ በጥምሽ ልክ ጠጪ እንጂ አታብዢ፤ ውኃ ሲበዛ የደም ጨው ይቀንሳል፣ ጨው ሲቀንስ መንቀጥቀጥ ያመጣል። በእንጦጦ ጎህ ሲቀድ ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ሮጥኩ። ብሔራዊ ቡድን የሚሄዱ የሚመስሉ ልጆች እንደ ነፋስ እያለፉን "በርቱ!" ይሉናል። ሁዳዴ ገብቶ ነበርና ስንቄ በሶ ነበር። ለእናቴ ለጤናዬ ነው የምሮጠው አልኳት። ይህም ውሸት አልነበረም።

የእህቴ ቤት ከዊምብልደን ብዙ አይርቅም። ቴኒሱን ዓለም ያውቀዋል፤ እኔ ፍለጋ የወጣሁት አትኪንሰን ሞርሊ የሚባለውን አሮጌ ሆስፒታል ነበር። ተዘግቶ መኖሪያ ቤት ሆኗል። በ1971 ኦክቶበር 1 ቀን፣ ሐኪሞች በሲቲ ስካን የመጀመሪያዋን ሕመምተኛ ያዩት እዚህ ነው። ዕጢ አለባት ተብላ የተጠረጠረች ሴት ነበረች፤ ምስሉም ዕጢውን አሳየ። መሣሪያውን የሠራው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ሐኪም አልነበረም፤ የዘፈን ሸክላ በሚያሳትም ኩባንያ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። ከዚያ በፊት ያለውን ሳስብ ይዘገንነኛል። በ1884 በዚህችው ለንደን ሪክማን ጎድሊ የተባለ ቀዶ ሐኪም የአንድ ወጣት የራስ ቅል ሲከፍት የሚመራው ምስል አልነበረም። ባልደረባው የልጁን እጅና እግር መንቀጥቀጥ ተከታትሎ "ዕጢው እዚህ ጋ ነው" አለ፤ ያለው ቦታ ተገኘ። ወጣቱ አንድ ወር ያህል ኖሮ በኢንፌክሽን ሞተ። በዚያው ዓመት ነው የዓለም መንግሥታት ተሰብስበው ዜሮ ዲግሪ ኬንትሮስ በግሪኒች ይለፍ ያሉት። ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ያንን ግን አላውቅም ነበር።

የዚያን ልጅ መንቀጥቀጥ ያየው ሰው ክብሪት አልጫረም። አስተዋለ። አሮጌው ሕንፃ ፊት ቆሜ ያሰብኩት ይህን ነው። የኔ እጅም ይናገር ነበር፤ የሚያነብበው ሰው ነው የጠፋው።

ቅዳሜ ማታ የደረት ቁጥሬን እህቴ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። በጀርባው የሕክምና መረጃ የሚሞላበት ቦታ አለ፦ ሕመም፣ የሚወሰድ መድኃኒት፣ የሚደወልለት ሰው። እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ነገር በገዛ እጄ ጽፌው አላውቅም። ለርእሰ መምህሩ "ደም ማነስ"፣ ለዕድራችን ሴቶች "ራስ ምታት"፣ ለእናቴ ደግሞ ምንም አላልኩም። የእኛ ዕድር ጠንካራ ነው። አንድ ሰው ሲሞት ድንኳኑ ከአስከሬኑ በፊት ይደርሳል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፤ ሐዘንተኛው ሦስት ቀን ብቻውን አይሆንም። ይህን የመሰለ ነገር ለንደን ውስጥ አላየሁም፤ ብዙ ሰው ጎረቤቱን በስሙ አያውቅም። ግን የኔ ዕድር የሚያውቀኝ ስሞት ነው። በሕይወት እያለሁ ራሴ ውስጥ ያለውን ብነግራቸው ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም ነበር፤ ጠይቄያቸው አላውቅማ።

ከሩጫው ቦታ ጋር የተሰጠኝ ግዴታ 2 ሺህ ፓውንድ ማሰባሰብ ነበር። ግማሹን የእህቴ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ከቅዳሴ በኋላ አዋጡት። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ በስልክ 500 ብር ገባልኝ፤ የላከው ክብሪቱን የጫረው ባልደረባዬ ነበር፤ "ይቅርታ" ብሎ ጽፏል። ለምን ይቅርታ እንደሚል አልነገረኝም፤ አልጠየቅኩትም። ይህን ሁሉ አስቤ እስክሪብቶውን አነሣሁና ጻፍኩ። ሜኒንጂዮማ። የሚጥል በሽታ። የኪኒኑን ስም። የእህቴን ስልክ።

ዕለቱ ዳግማይ ትንሣኤ ነበር። ብላክሂዝ የሚባለው ሜዳ ላይ ስደርስ ያየሁት ሕዝብ መስቀል አደባባይ በታላቁ ሩጫ ቀን የማየውን አስታወሰኝ፤ ዝምታው ግን ይለያል። እኛ ዘንድ ገና ሳይጀመር ዘፈንና ጭፈራ ነው። እዚህ ሰው ቆሞ ጫማውን ያስራል። ከፊቴ ያሉትን ጀርባዎች አነበብኩ። "ለአባዬ።" "ለእህቴ፣ ሁሌም።" የሕፃን ፎቶግራፍ፣ ከሥሩ ሁለት ዓመተ ምሕረት፤ መካከላቸው ያለው አራት ዓመት ነው። ከ56 ሺህ በላይ ሰው ያን ቀን ሮጦ ጨርሷል፤ ለበጎ አድራጎት የተሰበሰበው ከ80 ሚሊዮን ፓውንድ ይበልጣል። እኔን ግን ከአኃዙ ይልቅ የያዘኝ ጽሑፉ ነው። እኛ ሐዘናችንን ጥቁር ለብሰን እናሳያለን፤ እነዚህ ሰዎች ስሙን ጽፈው ተሸክመውት ይሮጣሉ።

ሩጫው መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ከዚያ ወደ ግሪኒች ይመለሳል፤ ያንን የዜሮ ዲግሪ መስመር በእግሬ ተሻገርኩት። ፀሐዩ ለንደን ለሚኖር ሰው ከባድ ነበር፤ ለእኔ የአገሬ የጥቅምት ቀን ነው። ከቻይና ሻይ ለማጓጓዝ በ1869 የተሠራችው ኩቲ ሳርክ የተባለችው መርከብ ጋ ስደርስ ሕዝቡ ግድግዳ ሆኗል። ከመካከሉ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ አየሁ። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ክንዴ ላይ ያሰርኩትን ጥብጣብ አይተው ኖሮ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ከበው ጮኹ፦

"ልጄ! ትዕግስት አሸነፈች! ትዕግስት አሸነፈች!"

ትዕግስት አሰፋን ማለታቸው ነበር። ከእኛ ቀድመው የተነሡት ሴቶች ጨርሰዋል፤ ትዕግስት በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ገብታ፣ ሴቶች ብቻቸውን በሚሮጡት ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች። እኔ ገና 32 ኪሎ ሜትር ይቀረኛል። እልልታቸው ከኋላዬ ሲከተለኝ ዕንባዬ መጣ። ሐኪሜ የነገረኝ ያ የጠላሁት ቃል ለንደን ድረስ መጥቶ በእልልታ ተቀበለኝ። መታገሥ ዝም ብሎ መቀመጥ ይመስለኝ ነበር። ትዕግስት አሰፋ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም።

ታወር ብሪጅ ላይ ጩኸቱ ድልድዩን የሚያነቃንቀው ይመስላል። ስሜ ደረቴ ላይ ተጽፎ ስለነበር የማላውቃቸው ሰዎች ይጠሩኛል፤ እየሰበሩት፣ ግን ከልባቸው። አገሬ ሩጫ ማለት ማሸነፍ ነው ብላ ነው ያሳደገችኝ፤ አምስተኛ የወጣን ሰው "ምን ሆነ?" ብለን እንጠይቃለን። እዚህ 40 ሺህኛ የሚወጣውን በስሙ ጠርተው ያጨበጭቡለታል። ይህን ማድነቅ አገሬን ማሳነስ አይመስለኝም።

ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች ያሉበት ካናሪ ዋርፍ አካባቢ ብዙዎች መራመድ ጀመሩ፤ እኔም ተራመድኩ። አጠገቤ የነበሩ ጠና ያሉ አንድ እንግሊዛዊ ጀርባ ላይ የአንዲት ሴት ስም ነበር። ሚስታቸው ናት፤ በክፉው ዓይነት የአንጎል ዕጢ ሞታለች። "አንቺስ ለማን ነው የምትሮጪው?" አሉኝ። ለራሴ አልኳቸው፤ ነገርኳቸው። ከንፈር አልመጠጡም። "የት በኩል ነው? ስንት ሚሊ ሜትር?" ብለው ጠየቁኝ፤ ሰው ስለ ልጅ ዕድሜ እንደሚጠይቅ። ከኪሴ የበሶ ጭብጦ አውጥቼ አካፈልኳቸው። አኝከው፣ አኝከው፣ ስሙን አስደገሙኝ። አንድ ማይል ያህል አብረን ሄድን። ከዚያ እሳቸው ሮጡ።

ቴምዝ ዳር ስደርስ፣ ሊያልቅ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው፣ ግራ እጄ ደነዘዘኝ። ቆምኩ። የሰማሁት ድምፅ ሁሉ ራቀ። ቅዱስ ዮሐንስ አምቡላንስ የሚባሉት በጎ ፈቃደኞች ድንኳን ቅርብ ነበር፤ ተራምጄ ገባሁና የማልናገረው ነገር እንዳይኖር ቁጥሬን ገልብጬ ለተቀበለችኝ ልጅ አሳየኋት። ልጅቷ ከሃያ ዓመት አትበልጥም። አነበበችው። ፊቷ ላይ ፍርሃት ፈለግሁ፤ አልነበረም። አስቀመጠችኝ፣ ኪኒኔን መቼ እንደዋጥኩ ጠየቀችኝ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ እንድጨብጥላት አደረገችኝ፣ ሰዓቷን ተመለከተች። የእጅ ሰዓቴ ማሰሪያ ጠብቆ፣ እጄም አብጦ ነበር። ፈታችልኝ። ድንዛዜው ለቀቀ። አንድም ሰው አላማተበም፤ ክብሪት የፈለገም የለም። አሥር ደቂቃ ተቀምጬ ተነሣሁ።

የመጨረሻዎቹን ሜትሮች ሁሉም ሯጭ ይረግማቸዋል ይባላል። ማራቶን ለመጀመሪያ ጊዜ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሆነው በ1908 የለንደን ኦሊምፒክ ነው፤ ከዊንዘር ቤተ መንግሥት ተነሥቶ ስታዲየሙ ውስጥ ከነገሥታቱ መቀመጫ ፊት እንዲያልቅ ሲባል። እኔ አልረገምኳቸውም። ከተነሣሁ 6 ሰዓት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው ገባሁ። እህቴ አጥሩ ላይ ተደግፋ ታለቅስ ነበር።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ እናቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። ሜዳሊያውን አንገቷ ላይ አጠለቅኩላት። ከዚያ ቁጥሩን ገልብጬ፣ ማንበብ አትችልምና፣ የጻፍኩትን አነበብኩላት፤ ስለወደቅኩበት ቀንም ነገርኳት። ጀበናውን ከእሳቱ አውርዳ ብዙ ዝም አለች። "ያን ቀን ስትወድቂ ማን ያዘሽ?" ነው ያለችኝ። በሚቀጥለው ወር የዕድር ስብሰባ እንድናገር ሰብሳቢውን አስፈቀድኩ። የተናገርኩትን ለእናንተም ልድገመው፦

ሰው ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ ክብሪት አትጫሩ። እጁን አትጨቁኑ፤ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ሊመታው የሚችለውን ነገር አርቁለት፤ ራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ ሲረጋጋ በጎኑ አስተኙት። ሰዓት ተመልከቱ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት አድርሱት። ሲነቃም የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ይቀመጥ።